«በጣም አሪፍ ነው» ሲሏችሁ አትመኑ፦ ጣና ዳር አፕ ሳስሞክር ያየሁት

ባሕር ዳር ውስጥ አፕ ሠርታችሁ ለሰው አሳዩና «እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አንድ ነው። «በጣም አሪፍ ነው፤ በርቱ።» ከዚያ ቡና ይጋብዟችኋል። ከዚያ በኋላ አፑን ዞር ብለው አያዩትም።

ሰው ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። የለፋ ልጅ ፊት ቆሞ «ይሄ ነገርህ አልገባኝም» ማለት ይከብዳል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው ስልክ ላይ ሲደናገር ጥፋቱን በራሱ ነው የሚያደርገው። «እኔ አልተማርኩም እኮ» ይላል እንጂ «ቁልፉን የት ደበቃችሁት?» አይልም። አንድ ምርት ለሰው ይመቻል ወይ ብሎ መፈተሽ እኛ ጋ ሲመጣ ግማሹ ሥራ ይሉኝታን የሚያልፉበት ዘዴ መፈለግ ነው። ይሄ ብዙም ተጽፎ ስላላየሁ፣ አፕ ለሚሠሩ ልጆች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው።

እኛ የሠራነው ቀለል ያለ ነገር ነው። ምግብ ቤቶችና ቸርቻሪዎች ለነገ የሚፈልጉትን አሳ ዛሬ ያዝዛሉ። ቀረሶ፣ አምባዛ ወይስ ነጭ አሳ? ስንት ኪሎ? ሙሉውን ወይስ አጥንቱ ወጥቶ? በስንት ሰዓት? ትዕዛዙ አሳ አስጋሪው ስልክ ላይ ይገባል። አለቀ። የማስሞከሩ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

አስተያየት አትጠይቁ፤ ሥራ ስጡ። ሥራው ደግሞ ከሰውየው ኑሮ የተቀዳ ይሁን። አንዲት ምግብ ቤት ያላቸውን ሴት እንዲህ አልኳቸው፦ «እትዬ፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 5 ኪሎ አምባዛ፣ አጥንቱ የወጣለት፣ እዚሁ እንዲመጣልዎት ይፈልጋሉ እንበል። እስቲ በዚህ ስልክ ይሞክሩት።» አፑ ላይ ያለው ቁልፍ «አዲስ ትዕዛዝ» ይላል። «አዲስ ትዕዛዝ ይክፈቱ» ብላቸው መልሱን ነገርኳቸው ማለት ነው። ዓይናቸው ቃሉን ፈልጎ ያገኘዋል፣ እኔም «ይኸው ገባቸው» ብዬ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ስለዚህ ሥራውን ስትናገሩ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቃል አትጥሩ።

እትዬ ስልኩን ተቀበሉ። አምባዛን አገኙት። 5 አሉ። አጥንቱ የወጣለት የሚለውን መረጡ። ሰዓቱ ጋ ሲደርሱ የሚሽከረከረውን ቁጥር በአውራ ጣታቸው እየገፉ 02:00 ላይ አቆሙት። ላኩት። ቀና ብለው ፈገግ አሉና «ቀላል ነው እኮ! እኔ እንኳን ቻልኩት» አሉኝ።

በሌላኛው እጄ የያዝኩት ስልክ ላይ የገባው ትዕዛዝ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይላል። የሰዓት መምረጫው ከስልኩ ጋር የመጣው የፈረንጁ ነበር፤ 02:00 ለእሱ ሌሊት ነው። እትዬ ግን የተሳሳተ ነገር አልታያቸውም። መጠይቅ ብሰጣቸው ሙሉ ነጥብ ይሰጡን ነበር። አይ ኤስ ኦ 9241-11 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2018 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሦስት ነገር ለያይቶ ያያል፦ ሰውየው ያሰበውን በትክክል ፈጸመ ወይ? ምን ያህል ጊዜና ጉልበት ፈጀበት? ረካ ወይ? እትዬ ቶሎ ጨርሰዋል፣ ረክተዋልም። አሳው ግን ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ሊመጣላቸው ነው። ሁለተኛ ስልክ ይዞ መቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የሰውን ፊት ብቻ ካያችሁ እንዲህ ያለው ስህተት ያመልጣችኋል።

መምረጫውን አወጣነው። አሁን መጀመሪያ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» ወይም «ማታ» ይመረጣል፤ ቀጥሎ ሰዓቱ በእኛው አቆጣጠር ይመጣል። ቀን መምረጫውንም አብረን ጣልነው። ነገ የሚበላ አሳ ለማዘዝ ካላንደር ምን ያደርጋል? «ነገ» እና «ከነገ ወዲያ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች በቂ ሆኑ።

ከባዱ ነገር ዝም ማለት ነው። ሰው ሲቸገር እያዩ ዝም ማለት እኛ ጋ ነውር ነው። ሲያስሞክሩ ግን የግድ ነው። ስለዚህ ሳልጀምር በፊት እንዲህ እላለሁ፦ «ከጀመርን በኋላ ቢጠይቁኝ ቶሎ አልመልስም። ንቄዎት እንዳይመስልዎት። እኔ በሌለሁበት ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነው።» ይሄን አስቀድሞ የሰማ ሰው አይቀየምም። መሀል ላይ «ይሄን ልንካው?» ሲሉኝ «እኔ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ስልኩን ያስቀምጥና «እኔማ ልጄን እጠራ ነበር» ይላል። ሁለተኛው መልስ ወርቅ ነው፤ ጻፉት።

ሌላው ችግር ከጎን የሚቀመጠው አዋቂ ነው። ሁሌም አይጠፋም። «እሱን አይደለም! ከላይ ያለውን!» ብሎ ሁሉን ያበላሸዋል። ዝም በል ማለት አይቻልም። ስለዚህ እሱንም ሥራ እሰጠዋለሁ። የራሱን ስልክ አውጥቶ ሰዓት እንዲይዝልኝ እጠይቀዋለሁ፤ ኩራቱ ተጠብቆ አፉ ይዘጋል።

አንዳንድ ባለሙያዎች «አፑን የሠራሁት እኔ አይደለሁም በሉ» ይላሉ። ባሕር ዳር ላይ ይሄ አይሠራም። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ በአንድ ቀን ይታወቃል። እኔ ይሉኝታውን ራሱን መጠቀም መረጥኩ። «እኔ የምፈልገው ጉድለት ነው። ምንም ሳላገኝ ብመለስ ምን ስትሠራ ዋልክ እባላለሁ» እላቸዋለሁ። እውነትም ነው። ያኔ ጉድለት ማግኘት እኔን መርዳት ይሆናል። «ቆይ እስቲ፣ እዚህ ጋ ትንሽ...» ብለው ይጀምራሉ። ከጀመሩ ደግሞ አያቆሙም።

ከሁሉ በላይ አፍ የሚያስፈታው ግን ወረቀት ነው። ኮድ ከመጻፋችን በፊት እያንዳንዱን ገጽ በእስክሪብቶ ነጭ ወረቀት ላይ እንስላለን። ሰውዬው በጣቱ «ይሄን እጫናለሁ» ሲል ቀጣዩን ወረቀት እናመጣለታለን። ያማረ ስክሪን ያለቀ ነገር ይመስላል፤ ሰው ያለቀን ነገር መተቸት ይፈራል። የተጣመመ ሥዕል ሲያይ ግን «ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል?» ለማለት አይሳቀቅም። እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ራሷ የሰረዘች ልጅ አለች። ሁለት ዓይነት ንድፍ ጎን ለጎን ማስቀመጥም እንዲሁ ይረዳል። አንዱን ለመንቀፍ ሌላኛውን ማመስገን ስለሚበቃ ማንም ማንንም አላስቀየመም።

ፈረንጆቹ የሚወዱት ዘዴ አለ። ሰውየው ሲሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ክሌይተን ሉዊስ የተባለ ተመራማሪ አይ ቢ ኤም ውስጥ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1982 ያስተዋወቀው ነው፤ ዛሬም በስፋት ይሠራበታል። እኛ ጋ ግን ብቻውን ከስልክ ጋር የሚያወራ ሰው ጤና የጎደለው ነው የሚመስለው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይልና ይተወዋል። እኔ ሁለት ጓደኛሞችን በአንድ ስልክ ማስቀመጥ ጀመርኩ። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤቷና ገንዘብ ያዧ አብረው ሞከሩት። «እንዴ፣ ሂሳቡን አሁን ነው የምንከፍለው?» «ኧረ አይደለም፣ ሲመጣ ነው።» «ታዲያ ለምን ቴሌብር አለኝ?» እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጥያቄ ብጠይቅ ይሄን ጭቅጭቅ አላገኘውም ነበር። ስለ ክፍያው አንድ ነገር ልጨምር። የራሳቸውን የሚስጥር ቁጥር እንዲያስገቡ በጭራሽ አታድርጉ። አንዳንዱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየጠራ ነው የሚጽፈው። ክፍያ የምናስሞክረው በሐሰት ገጽ ነው።

አሁን ወደ አስጋሪዎቹ ልምጣ። ብዙ የተማርኩት እዚያ ነው።

አንድ አያት የሚሆኑኝ አስጋሪ ታንኳቸውን ደንገሉ ጥግ አቁመው መረባቸውን ያራግፋሉ። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ ውኃ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሏል። ለእንዲህ ያለ ስልክ አጭር መልእክት ነው የምንልከው። መልእክቱ ገባ። ፌስታሉን ፈቱና ስልኩን ለእህታቸው ልጅ ሰጡት። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «አዲስ ትዕዛዝ። 5... ኪ... ግ... አምባዛ። ለመቀበል 1 ብለው ይመልሱ።» ስልኩን መልሰው ተቀበሉት። «1» አልጻፉም። መልእክቱን ወደላከው ቁጥር ደወሉ። ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። አይጠራም፤ ቁጥሩ መልእክት ብቻ የሚልክ ነው። ደግመው ደወሉ።

«አያነሳም» አሉኝ።

«አያ፣ እሱ ማሽን ነው፤ 1 ብለው ቢልኩለት...»

«ስልክ የማያነሳ ሰው አሳዬን ይወስዳል ብዬ እንዴት ልመን ልጄ?»

ትክክል ናቸው። የአሳ ንግድ በድምፅ ነው የሚሠራው። ገዢው ማን እንደሆነ፣ ባለፈው ከፍሎ ይሁን አስቀርቶ የሚታወቀው በድምፅ ነው። የእኛ መልእክት ሰውየውን ከመሀል አውጥቶ ቁጥር አስቀመጠ። መልእክቱን አዙረን ጻፍነው፦ መጀመሪያ የገዢው ስምና ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ አሳው። መቀበያውንም ለወጥነው። «1» የሚለው ቀረና ወደ አንድ ቁጥር ሚስኮል ማድረግ ሆነ። ሚስኮል ሁሉም ያውቃል፣ ሳንቲም አያስወጣም፣ ፊደል አይጠይቅም። «ኪ.ግ» የሚለውንም «ኪሎ» አልነው። የእኛ መልእክት በዓይን ብቻ የሚነበብ መስሎን ነበር፤ ግማሹ ደንበኛ የሚሰማው በሌላ ሰው አፍ ነው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ስሙት። ልጁ የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ መስተካከል አለበት።

ከዚህ የወጣ አንድ ትምህርት አለ። ብዙ ቤት ውስጥ ተጠቃሚው አንድ ሰው አይደለም። እናት ታዝዛለች፣ ልጅ ይጫናል። አስጋሪው ይወስናል፣ የእህቱ ልጅ ያነባል። ስታስሞክሩ «ልጅዎን አይጥሩ» አትበሉ። ይጥሩ። ሁለቱን አብራችሁ እዩ።

ፍለጋውን በተመለከተ ባጭሩ። ዕቃው የሚደርስበትን ሰፈር ለመፈለግ አንዷ «አባይ ማዶ» ብላ ጻፈች። እኛ ያስገባነው «ዓባይ ማዶ» ነው። አፑ «አልተገኘም» አላት። ልጅቷ ባሕር ዳር ተወልዳ አድጋ አባይ ማዶ የለም ተባለች! ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ፍለጋ ላይ እንደ አንድ ፊደል ካልተቆጠሩ የአማርኛ ፍለጋ አይሠራም። በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው፤ እሱንም አስቡበት። የመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ካለ አውጡት። ስም፣ የአባት ስም፤ በቃ።

ቢሮ ውስጥ አታስሞክሩ። ሐይቁ ዳር ፀሐዩ ስክሪኑን ያጠፋዋል። አንዲት አሳ ሻጭ ስልኩን ለማየት ነጠላዋን ራሷ ላይም ስልኩ ላይም ደርባ ጨለማ ፈጠረች። የመረጥነው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ያምራል፤ እዚያ ግን የለም። እጇ ላይ ቅርፊትና ውኃ አለ። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ስትነካው አንዴ ይሰማል፣ አንዴ አይሰማም። የአንድሮይድ መመሪያ አንድ የሚነካ ነገር ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ይኑረው ይላል። ለደረቅ ጣት ይበቃል። እኛ ከዚያ በላይ አደረግነው።

ኢንተርኔት አጥፍታችሁም ሞክሩ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በደህናውም ቀን ሐይቁ ላይ ወጣ ሲሉ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። እዚህ ያየሁት ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ክቡ ነገር ይሽከረከራል፣ ሰው ይጠብቃል፣ ከዚያ ደጋግሞ ይጫናል። ኔትወርኩ ሲመለስ 5 ኪሎው 20 ኪሎ ሆኖ ይገባል። አንዴ ከተጫኑ ቁልፉ ይዘጋና «ተይዟል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይላካል» ይበል።

ስንት ሰው ይበቃል የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ስሌት አንድ ሰው በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን ያሳያል፤ 5 ሰው ሲሆን ወደ 85 በመቶው ይወጣል። ኒልሰን በኋላ ላይ የመከረው 15 ሰው ካገኛችሁ በአንድ ጊዜ አትጨርሷቸው፣ 5 5 አድርጋችሁ በመሀል እያስተካከላችሁ ሦስት ዙር ሂዱ ነው። እኔም እስማማለሁ። ግን ይሄ ለአንድ ዓይነት ተጠቃሚ ነው። 5 የሆቴል ሰዎች ስለ አስጋሪው ምንም አይነግሯችሁም። ለየራሳቸው ቁጠሩ።

መጠይቅ ለሚወድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልንገር። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው ባለ 10 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ አለ፤ ሰው ከ1 እስከ 5 ምን ያህል እንደሚስማማ ይመልሳል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ያመሰግናል፣ ቀጣዩ ይወቅሳል፣ እንዲህ እያፈራረቀ ይሄዳል። ውጤቱ ከ100 ይሰላል፤ 68 እንደ አማካይ ይቆጠራል። እኛ ጋ ግን ሰው በይሉኝታ ሁሉም ላይ 5 ያደርጋል። ምስጋናውም ወቀሳውም ላይ! ሁሉም 5 ሲሆን ስሌቱ ልክ 50 ይወጣል። 50 ያለበት ወረቀት ሳይ መጀመሪያ መልሶቹን ነው የማየው። ብዙ ጊዜ አፑ መካከለኛ ሆኖ ሳይሆን ሰውየው ጨዋ ሆኖ ነው።

ክፍያን በተመለከተ ሰው ሥራውን አቁሞ ነውና ለጊዜው ይከፈለው። የሞባይል ካርድም ይሁን ገንዘብ፣ ሳትጀምሩ በፊት ስጡ። መጨረሻ ላይ ከሆነ ምስጋናውን ለመግዛት ይመስላል። ቪዲዮ ካስፈለገ አስፈቅዱና እጅና ስልኩን ብቻ ቅረጹ፤ ፊት አያስፈልግም። ቡናውን አትጥሉ፣ ግን ከሙከራው በኋላ ይሁን። አቦል ላይ ከተጀመረ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የኮድ ጸሐፊያችን መጀመሪያ ላይ ማስታወሻዬን አያምንም ነበር። «አንድ ሰው ስላልገባው ነው?» ይላል። ክርክሩን ትቼ ይዤው ወጣሁ። ከእኔ ኋላ ተቀምጦ፣ እንዳይናገር ተገዝቶ፣ አንዲት ሴት እሱ የሠራውን ቁልፍ ስትፈልግ አየ። ሦስት ጊዜ አጠገቡ ደርሳ አለፈችው። ላብ አጠመቀው። ማታውኑ ቦታውን ቀየረው። ሪፖርት ከምትጽፉ የሚሠራውን ሰው ይዛችሁ ውጡ።

ለመውጣት ካሰባችሁ ሰዓቱን እወቁ። አስጋሪዎችን የምታገኙት ጠዋት መረባቸውን አውጥተው አሳውን ካስረከቡ በኋላ ነው፤ ከማስረከባቸው በፊት ማንም አያናግራችሁም። ምግብ ቤቶች ከ9 እስከ 10 ሰዓት ድረስ፣ በምሳና በራት መሀል ነፃ ናቸው። ቅዳሜን እርሱት፤ ከተማው ገበያ ነው። በጾም ወራት የአሳ ሰዎች ፋታ የላቸውም፣ ግን አፑ እውነት ይሠራ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው። አስፈቅዳችሁ ጥግ ላይ ቁጭ በሉና ምንም ሥራ ሳትሰጡ ብቻ እዩ።